የመሬት ሽያጭና ከመሬት በታች ያለ ሀብት፦ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ አጭር ጥናት

በአንዳንድ አገሮች መሬቱን የሚሸጥ ሰው በውሉ ውስጥ አንድ ቃል በማግባት ላዩን ሸጦ ታቹን ለራሱ ማስቀረት ይችላል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣው ሕገ መንግሥት ማዕድኑን ለባለ መሬቱ ስለ ለቀቀ፣ የዘይትና የጋዝ መብት ከመሬቱ ተለይቶ ይሸጣል፤ ይወረሳልም። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው ሕግ ከመሬት በታች ያለውን ነዳጅ ዘይት የዘውዱ አደረገች። አገራችን የትኛውን መንገድ እንደ ያዘችና ይህም ለባለ ይዞታው ምን እንዳስከተለ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የቀድሞው ርስት የማረስ፣ የማውረስና የመገበር ነገር ነበር። ማዕድን ግን ከቤተ መንግሥት ጋራ የተያያዘ ነበር። የቤኒ ሻንጉል ወርቅ በግብር መልክ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር፤ በወለጋ የዩብዶ ፕላቲኒየምም የተቆፈረው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 የአዲስ አበባን መሬት ሽያጭ በደንብ ሲያጸኑም፣ ገዢው ያሰበው ለቤትና ለአትክልት ስፍራ ነበር።

ነገሩ በግልጽ የተጻፈው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። 130ኛው አንቀጽ ከመሬት በታች የሚገኘውን ሀብት ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ስለዚህ ርስት በሚሸጥበት በዚያ ዘመን እንኳ ሻጩ የታቹን መብት ሊያስቀር አይችልም ነበር፤ ያልያዘውን ማንም አያስቀርምና። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲንክለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዘይት ለመፈለግ የተዋዋለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔኮ በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ ያገኘውም ከመንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያው አንቀጽ የግጦሽን መሬት ሁሉ ከማዕድኑ ጋራ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመንግሥት ንብረት ብሎታል። የደጋው ባለ ርስት ታቹን ቢያጣ ላዩ ይቀርለት ነበር፤ ጋዙ በተገኘበት አገር የሚኖረው አርብቶ አደር ግን በሕጉ ፊት ላዩም ታቹም የእርሱ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የየካቲቱ አዋጅ የገጠሩን፣ የሐምሌው አዋጅ የከተማውን መሬት የሕዝብና የመንግሥት ሲያደርጉ ላዩ የታቹን ዕድል ተከተለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ መሬትም እንደማይሸጥ ደነገገ። ሆኖም አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው በዚያው አንቀጽ ስለ ተጻፈ፣ የቀድሞው ጉድለት በከፊል ታርሟል።

ይህ ሕግ ለከተማው ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት ለቡ መብራት ኃይል ድረስ መሄድ ይበቃል። ሰው በአፍ «መሬት ሸጥሁ» ቢልም፣ በሕግ የሚተላለፈው ቤቱና ካርታው የሚያረጋግጠው የመጠቀም መብት ነው። ሻጩ «ከሥሩ ዘይት ቢወጣ የእኔ ነው» ብሎ በውሉ ቢያጽፍ ጽሑፉ ዋጋ የለውም። ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ካሣው በመሬቱ ላይ ለተሠራውና ለተለፋበት እንጂ ከሥር ላለው አይታሰብም።

ይህ ሥርዓት የሚነቀፍ ብቻ አይደለም። በዕድል ዘይት ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው የአገሩን ሀብት ብቻውን እንዳይወስድ ይከለክላል። ነገር ግን ሀብቱ የሁሉ ነው ማለት የሚጸናው ሁሉም ሲያገኝበት ነው። 98ኛው አንቀጽ ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንዲጥሉና እንዲሰበስቡ ያዛል፤ የሚናገረው ግን ስለ መንግሥታት ነው። በሌላ አገር በሻጭና በገዢ መካከል የሚነሣው ክርክር በእኛ ዘንድ በመንግሥትና በነዋሪው መካከል ሆኗል። ጉድጓዱ አጠገብ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ድርሻው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ካልታወቀለት፣ የ1948ቱ ዓረፍተ ነገር በተግባር አልተሻረም ማለት ነው።