ተአምር ሲመረመር፦ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምን እንማራለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ኮንፍራንስ ላይ አንዲት እህታችን መድረክ ላይ ወጥታ ከሚጥል በሽታ መፈወሷን መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የጸለየላት እንግዳ አገልጋይም ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት እንደማያስፈልጋት በሁላችን ፊት ነገራት። እኔም ከፊት ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እሳት ዳር ወድቃ እጇ ተቃጠለ። በዚያ ቀን ከመካከላችን አንድም ሰው «ሐኪምሽስ ምን አለ?» ብሎ አልጠየቃትም።

ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ጥያቄውን ለብዙ መቶ ዓመታት ስትጠይቅ ስለኖረች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር በብዙ ነገር እንደምንለያይ ታውቃላችሁ። እኛ በሞቱ ቅዱሳን አማላጅነት አንጸልይም፤ አማላጃችን ክርስቶስ ነው። ከማንስማማበት ቤት ግን ጥሩ ልማድ ልንማር እንችላለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአገራችን ታሪክ ሦስት ሰዎች

በ1791 በጎጃም የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል የኦርቶዶክስ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው ጓድ ጋር በ1841 ሲጓዙ ከጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ከዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ ማለትም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተዋወቁ። በኋላም ካቶሊክ ሆነው በ1851 ቅስና ተቀበሉ። በዚህ ምክንያት ታሰሩ፤ በ1855 በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። ሮም «ብፁዕ» ብላ ያወጀቻቸው በ1926 ነው፤ ከሞቱ ከ71 ዓመት በኋላ። ሰማዕት ለሆነ ሰው ለዚህ ደረጃ ተአምር አይጠየቅም፤ የሚመረመረው በእርግጥ ስለ እምነቱ ሲል መሞቱ ነው። «ቅዱስ» ለመባል ግን ተአምር ያስፈልጋል፤ አባ ገብረ ሚካኤል ዛሬም «ብፁዕ» ናቸው።

አቡነ ያዕቆብ በ1860 አረፉ። «ብፁዕ» የተባሉት በ1939፣ «ቅዱስ» የተባሉት ደግሞ በ1975 ነው። መቶ አሥራ አምስት ዓመት!

ሦስተኛው አባ ማስያስ ናቸው። በ1846 ወደ አገራችን መጥተው በኦሮሞና በከፋ ምድር አገለገሉ። ሕዝቡን ፈንጣጣ እየከተቡ ስለዞሩ ስማቸው ከፈንጣጣ ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር። ወንጌል የሰበከው እጅ ክትባትም ይሰጥ እንደነበር ልብ በሉ! አባ ማስያስ በ1889 አረፉ። ሮም ሕይወታቸውን መርምራ በጎነታቸውን ያጸደቀችው በ2016 ነው። ቀጣዩን ደረጃ ለማለፍ የተመረመረና የጸደቀ ተአምር ይጠበቃል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በ1588 ጳጳስ ሲክስቶስ 5ኛ ይህን ጉዳይ የሚመለከት ቋሚ መሥሪያ ቤት በሮም አቋቋሙ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሥራው መቃወም ነበር። ማስረጃው የቱ ጋ እንደሚደክም፣ ምስክሩ የቱ ጋ እንደሚጋጭ ፈልጎ ያወጣል። ሰዎች «የሰይጣን ጠበቃ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በ1983 ሥርዓቱ ሲሻሻል የዚህ ሰው ድርሻ ቢቀንስም ምርመራው አልቀረም።

ስለ ፈውስ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች በ1730ዎቹ በዝርዝር የጻፉት በኋላ ጳጳስ ቤነዲክቶስ 14ኛ የተባሉት ላምበርቲኒ ናቸው። በሽታው ከባድ ነበር ወይ? በራሱ እየተሻለ የመጣ አልነበረም ወይ? ያዳነው መድኃኒቱ አይደለም ወይ? ፈውሱ ድንገተኛና ሙሉ ነው ወይ? በሽታውስ አልተመለሰም ወይ?

ዛሬ በመጀመሪያ ፈውሱ በተፈጸመበት አገር ያለው ሀገረ ስብከት ምስክሮችን ይሰማል፤ ያከሙት ሐኪሞችም ይጠየቃሉ፤ የሕክምና ማስረጃ ይሰበሰባል። ከዚያ በሮም የሐኪሞች ቡድን ይመለከተዋል። በ2016 በወጣው ደንብ መሠረት ከሰባት ሐኪሞች ቢያንስ አምስቱ መስማማት አለባቸው። እነርሱም «ተአምር ነው» አይሉም፤ «በዛሬው የሕክምና እውቀት ሊብራራ አይችልም» ብቻ ይላሉ። ቀጥሎ የነገረ መለኮት ሊቃውንት፣ ከዚያም ካርዲናሎችና ጳጳሳት ያዩታል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የሮሙ ጳጳስ ነው። በዚያው ደንብ ለባለሙያዎቹ የሚከፈለው ገንዘብ በባንክ በኩል ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ገንዘብና ተአምር ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ታውቆ ነው።

እኛ በጾሬ ከሱዳን ከመጡ ስደተኞች ጋር ጎረቤት ነንና የባኪታን ታሪክ ብትሰሙ ትወዱታላችሁ። ባኪታ በዳርፉር ተወልዳ ገና በልጅነቷ በባሪያ ነጋዴዎች ተሰረቀች። ከድንጋጤ ብዛት የገዛ ስሟን ረሳች፤ በዓረብኛ «ዕድለኛ» ማለት የሆነውን ባኪታን ያወጡላት የሰረቋት ናቸው። በጣሊያን ነፃ ወጥታ፣ ተጠምቃ፣ መነኩሲት ሆና በ1947 አረፈች። «ቅድስት» ለመባሏ መሠረት የሆነው በ1992 በብራዚል አንዲት በስኳር በሽታ እግሯ የቆሰለ ሴት ማግኘቷ የተነገረው ፈውስ ነው። አዋጁ የወጣው በ2000 ነው፤ በመካከሉ ስምንት ዓመት ምርመራ አለ።

ራእይስ?

በ1981 በሩዋንዳ፣ በኪቤሆ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማርያምን አየን አሉ። ጳጳሱ በ1982 ሁለት ኮሚቴ አቆሙ፤ አንዱ የሐኪሞች፣ ሌላው የነገረ መለኮት ሊቃውንት። ወሬው ሲሰማ አየን የሚሉ ሰዎች በዙ። ውሳኔው በ2001 ሲወጣ ተቀባይነት ያገኘው የሦስት ልጃገረዶች ምስክርነት ብቻ ነበር። ከጸደቀ በኋላም ቢሆን አንድ ካቶሊክ እንዲህ ያለውን ራእይ እንዲያምን አይገደድም። በ2024 በወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ «ይህ ራእይ በእርግጥ ከሰማይ ነው» ብላ ማወጁን በመደበኛነት ትታ፣ ለምእመናን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይ መወሰንን መርጣለች።

ለእኛስ?

አንዳንዶቻችሁ «መመርመር እምነት ማጣት አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ መላኩን አስታውሱ (ሉቃስ 17)። በሕጉ መንጻታቸውን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር (ዘሌዋውያን 14)። ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው ሁለት ጊዜ ተጠይቋል፤ ወላጆቹም ተጠይቀዋል (ዮሐንስ 9)። ጥያቄው በክፋት የመጣ ቢሆንም ምስክርነቱ ጸንቶ ቆመ። እውነተኛ ፈውስ ጥያቄን አይፈራም። ጥያቄን የሚፈራው የሰው ዝና ነው።

ሰባት ሐኪሞች ሰብስቡ፣ መቶ ዓመት ጠብቁ አልላችሁም። ሦስት ነገር ግን እንችላለን። አንደኛ፣ የፈውስ ምስክርነት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ወራት እንታገሥ፤ ሰውየውም ተመልሶ ይመርመር። ሁለተኛ፣ ከሐኪም በቀር ማንም «መድኃኒትህን ተው» አይበል። ሦስተኛ፣ ያልተፈወሰውን ወንድም «እምነት ጎድሎሃል» አንበለው፤ ካልተሻለው ጋር መቆየትም አገልግሎት ነው።

ያች እህት ዛሬም መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ በኅብረታችን ሕፃናትን መዝሙር ታስተምራለች። በእጇ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር እግዚአብሔር ሊፈውስ እንደሚችል አልጠራጠርም። የምጠራጠረው የዚያን ቀን ጭብጨባዬን ነው።

ለኅብረት ውይይት

1. በኅብረታችሁ የፈውስ ምስክርነት የሚሰማው እንዴት ነው? ማንስ ይጠይቃል?
2. በዮሐንስ 9 የተፈወሰው ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ምን መለሰ? ከእርሱ ምን እንማራለን?
3. ተጸልዮለት ላልተፈወሰ ጓደኛችሁ በዚህ ሳምንት ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?