የመሣሪያው መግለጫ የመሣሪያው አካል ነው

አንድ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሲተላለፍ የሠሪውን ዕውቀት ይዞለት የሚሄደው መመሪያው ነው። ይሁን እንጂ በምሕንድስና ሙያ መመሪያ መጻፍ ከዋናው ሥራ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ድካም ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች፣ ይኸውም የተሰጣቸውን ተግባር ለመፈጸም የሶፍትዌር መሣሪያዎችን ራሳቸው እየመረጡ የሚያዝዙ ፕሮግራሞች፣ ሥራ ላይ ከዋሉ ወዲህ ግን ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ግልጽ ሆኗል። የነገሩ ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 ሁለት የማይተዋወቁ ጽሑፎች ወጡ። አንደኛው ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች ያዘጋጁት የዩኒክስ መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ እያንዳንዱ ትእዛዝ በተወሰነ ሥርዐት ይገለጻል፦ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የታወቁ ጉድለቶቹ፣ በመጨረሻም ችግር ቢያጋጥም የሚጠየቀው ባለቤት። ሠሪው የገዛ ሥራውን ጉድለት በፈቃዱ ጽፎ ስሙን ከሥሩ ማኖሩ ለሙያው ትልቅ ትምህርት ነበር።

ሁለተኛው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሪቻርድ ፋይክስና ኒልስ ኒልሰን ስትሪፕስ ስለተባለው ዕቅድ አውጪ ፕሮግራም ያቀረቡት ጥናት ነው። ፕሮግራሙ ያገለገለው ሼኪ ለተባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት አስቀድሞ መሟላት የሚገባው ሁኔታና ከድርጊቱ በኋላ የሚለወጠው ነገር ተዘርዝሮለታል። ሣጥን ለመግፋት በመጀመሪያ ከሣጥኑ አጠገብ መድረስ ግድ ነው፤ ከተገፋም በኋላ ሣጥኑ በቀድሞ ቦታው የለም። ከዝርዝሩ አንዱ ቢጎድል ዕቅዱ በወረቀት ላይ ትክክል፣ በተግባር ግን ከንቱ ይሆናል።

ለሰው የሚጻፈውና ለማሽን የሚጻፈው መግለጫ ለረጅም ዘመን በየፊናቸው ሲጓዙ ቆይተው የተገናኙት በቅርቡ ነው። በጁን 2023 ኦፕንኤአይ የቋንቋ ሞዴሎቹ የመሣሪያውን ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዐይነት አንብበው መሣሪያውን እንዲጠሩ የሚያስችል አሠራር አወጣ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አንትሮፒክ የልዩ ልዩ ሠሪዎች መሣሪያዎች በአንድ ወጥ መልክ የሚቀርቡበትን ደንብ ይፋ አደረገ። በዚህ ጊዜ ተራው ዐረፍተ ነገር የሥራው መቆጣጠሪያ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም። መመሪያው የጎደለበት ሰው ባልደረባውን ይጠይቃል፤ ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። በ2023 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ጎሪላ የተባለው ጥናት ሞዴሎች ፈጽሞ የሌሉ ትእዛዞችን ፈጥረው እንደሚጽፉ፣ ተገቢው መመሪያ ሲቀርብላቸው ግን ይህ ስሕተት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መግለጫው ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫው በሥራ ላይ መፈተን ነው። በ2023 የወጣው ኤስደብልዩኢ ቤንች የተሰኘ መመዘኛ ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተውጣጡ 2,294 እውነተኛ ችግሮችን ሲያቀርብ፣ ብልጫ ያገኘው ሞዴል የፈታው ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም ነበር። በ2024 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ከዚሁ መመዘኛ በተመረጡ 300 ችግሮች ላይ አንዱን ሞዴል በሁለት መንገድ ፈተኑት። በተለመደው የትእዛዝ መስመር ሲሠራ ከመቶ 11 ፈታ፤ መልሳቸው አጭርና ግልጽ የሆነ፣ የተበላሸ እርማትንም የማይቀበሉ መሣሪያዎች ሲሰጡት ከመቶ 18 ደረሰ። ሞዴሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

አንድ ጊዜ መሳካትም በቂ ማስረጃ አይደለም። በ2024 የቀረበው ታው ቤንች አንዱን የደንበኛ አገልግሎት ተግባር ደጋግሞ በማስፈጸም ይመዝናል። በችርቻሮ ንግድ ክፍሉ ጂፒቲ-4ኦ በስምንቱም ሙከራ ያለ ስሕተት የጨረሰው ከተግባሮቹ ከሩብ በታች ነበር። ገንዘብ የሚመልስ ወይም መዝገብ የሚሰርዝ መሣሪያ በእንዲህ ያለ እጅ ሲገባ የአንዲት ቃል መድፈን ወይም መሳሳት የሰው ንብረት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ከዚህም በላይ በ2025 በመግለጫ ውስጥ የተሸሸገ ክፉ ትእዛዝ ወኪሉን ሊያስት እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

እንግዲህ ለወኪል የሚቀርብ መሣሪያ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የማይሠራውን፣ ጉድለቱንና የምዘናውን ውጤት የሚናገር መግለጫ ያስፈልገዋል። ወኪሉ በፍርድ ፊት ቆሞ መልስ አይሰጥም። ስለሆነም በ1971 ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር የሰፈረው የባለቤት ስም ዛሬም ከቦታው ሊጠፋ አይገባውም።