ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ፦ ጡት ማጥባትና የእርግዝና መከላከያ በድሬዳዋ ታሪክ

«ጡት የምታጠባ ሴት አታረግዝም» የሚለው እምነት በአገራችን በገጠርም በከተማም፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤተሰብ ዘንድ የታወቀ ነው። እምነቱ ከረጅም ልምድ የመነጨ በመሆኑ ፈጽሞ ሐሰት ሊባል አይችልም፤ ያለ ገደብ ሲነገር ግን ብዙ እናቶችን ላላሰቡት እርግዝና ይዳርጋል። ለአያቶች የሠራው ነገር ለልጅ ልጆቻቸው ያልሠራው በሴቷ ተፈጥሮ ላይ በደረሰ ለውጥ ሳይሆን በአኗኗሯ ላይ በደረሰ ለውጥ ነው። ይህን ለመመርመር ድሬዳዋ ተስማሚ ቦታ ናት። ከተማዋ ከጥንስሷ ጀምራ በደመወዝና በሥራ ሰዓት የምትተዳደር ሆና የተመሠረተች ናትና።

የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዛሬ ድሬዳዋ ከምትገኝበት ሜዳ የደረሰው በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ/ም ነበር። ሥራው ተጓትቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስከ ገባበት እስከ 1909 ዓ/ም ድረስ ባሉት ዓመታት ጣቢያው የነጋዴውና የሠራተኛው መሰብሰቢያ ሆነ። በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፈሮች አደጉ፤ በከዚራ በኩል ጣቢያው፣ ጽሕፈት ቤቶቹና የባቡሩ ሠራተኞች መኖሪያ፣ በመጋላ በኩል ገበያው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ እንዲሁም ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ በአንድ ከተማ ተጎራበቱ። በጣልያን ወረራ ዘመን መሠረቱ የተጣለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኋላ ሲስፋፋ፣ የፈረቃ ሥራ የከተማይቱ ኑሮ አንድ ክፍል ሆነ።

ወደዚች ከተማ የገቡት ቤተሰቦች የየራሳቸውን የአራስነት ሥርዓት ይዘው ነበር የመጡት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት እስከ 40፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን፣ ማለትም ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከባሏም ተለይታ ትቆያለች። በሙስሊሙ ዘንድ የአራስነቱ ጊዜ በአብዛኛው እስከ 40 ቀን ይቆጠራል፤ ቅዱስ ቁርኣንም ሙሉ ለሆነ ማጥባት ሁለት ዓመት ይወስናል። ገንፎውና አጥሚቱ፣ የጎረቤትና የዘመድ ጥየቃው፣ ከቤት አለመውጣቱ ሁሉ እናቲቱን ከልጇ ጎን የሚያቆዩ ነበሩ። ይህን ሥርዓት የወሊድ መቆጣጠሪያ ብሎ የሰየመው ማንም አልነበረም፤ ውጤቱ ግን በከፊል ያው ነበር። ይህ ሲባል የጥንቱ ልማድ ሁሉ ይመስገን ማለት አይደለም፤ እንገሩን አፍስሶ ለጨቅላው ቅቤ ማቅመስ ሕፃኑንም የእናቲቱንም ወተት ይጎዳ ነበር።

የተፈጥሮው አሠራር የሚከተለው ነው። ልጁ በጠባ ቁጥር ከጡት ጫፍ የሚነሣው ስሜት ወደ እናቲቱ አንጎል ይደርሳል፤ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ እንቁላል እንዲበስል የሚያዝዘው የሆርሞን ምት ግን ይዳከማል። ወሳኙ የወተቱ ብዛት ሳይሆን የመጥባቱ ድግግሞሽ፣ በተለይም የሌሊቱ መጥባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኮነርና ዎርትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ የኩንግ እናቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ለአጭር ለአጭር ጊዜ እንደሚያጠቡና ልጆቻቸውም ተራርቀው እንደሚወለዱ አመለከቱ። በዚያው ዘመን በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ሃዊና ማክኒሊ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ለሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ ሲጀመርለት የመጥባቱ ብዛት እንደሚቀንስና እንቁላልም ወደ መደበኛ ዑደቱ እንደሚመለስ አሳየ።

ይህ ዕውቀት ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ የሚያስገርም ልዩነት ይገለጣል። በመጋላ ገበያ በጉሊት የምትቸረችር እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ስለምትውል፣ ባለቀሰ ቁጥር እዚያው ተቀምጣ ታጠባለች። ፈረቃ የምትገባዋ እናት ግን ለ8 ሰዓት ከልጇ ትለያለች። ከኑሮ ደረጃ አንጻር ደመወዝተኛይቱ የተሻለች ልትመስል ትችላለች፤ ከተፈጥሮ መከላከያው አንጻር ግን ባለ ጉሊቷ የተሻለች ናት። ዘመናዊ ሥራ ለሴቲቱ ገቢ ሲያስገኝላት፣ ሳታውቀው የቆየችበትን መጠለያ ወስዶባታል። በአገር አቀፍ ጥናቶችም ከወሊድ በኋላ የወር አበባ ሳይመለስ የሚቆይበት ጊዜ በከተማ ከገጠር ያጠረ ሆኖ ተገኝቷል።

ባዶውን ሰዓት የሞላው ጡጦ ነው። ከጅቡቲ በሚመጣው ሸቀጥ መካከል የዱቄት ወተት በማይታጣባት ሞቃት ከተማ፣ የጡጦው ጉዳት ውሃውና ንጽሕናው ብቻ አልነበረም፤ ጡጦ የጠባ ልጅ ጡት የሚፈልግበት ጊዜ ይቀንሳል። የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶችን ማስታወቂያና ሽያጭ የሚገዛውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ በማውጣቱ በትክክል ይመሰገናል። ሆኖም በዚያ ዘመን ዓለም አቀፉ ምክር ተጨማሪ ምግብ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጀመር የሚል ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅት ገደቡን ቁርጥ አድርጎ 6 ወር ያለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በቀድሞው ምክር የሠለጠነ መምህር ዛሬም 4 ወር ብሎ ቢያስተምር ሊያስደንቅ አይገባም፤ ልዩነቱ ግን ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለእናቲቱም ከባድ ነው።

የጥንቱ መጠለያ ሲላላ አዲሱ ገና አልደረሰም ነበር። የ1949 ዓ/ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበርና። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር ይህ ክልከላ ገና ሥራ ላይ ነበር፤ አገልግሎቱን መስጠት ይቻላል፣ ጮክ ብሎ መንገር ግን አይቻልም እንደ ማለት ነው። በ1982 ዓ/ም በተካሄደው የቤተሰብና የወሊድ ጥናት በማናቸውም ዘዴ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበሩ። በሚያዝያ 1985 ዓ/ም የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ የማስተዋወቅ ገደቦች እንዲነሡ ጠየቀ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ከ7.7 ወደ 4 እንዲወርድ፣ የተጠቃሚዎች ቁጥርም እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ከመቶ 44 እንዲደርስ ግብ አኖረ። በ1995 ዓ/ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ቤተሰቡ ደጃፍ አቀረበው። በ2008 ዓ/ም የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የአገሪቱን አማካይ የወሊድ መጠን 4.6፣ የተጠቃሚ ባለትዳሮችን ቁጥር ከመቶ 36 አድርሶ አገኘ፤ የድሬዳዋ የወሊድ መጠን 3.1 ስለነበረ ከተማይቱ ከፖሊሲው ግብ በታች ወርዳለች።

ይህ አማካይ ቁጥር ግን ከወሊድ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ይሸፍናል። በዚያው ጥናት ከተመዘገቡት፣ ታላቅ ካላቸው ልደቶች ከ5ቱ አንዱ ያህል የተወለዱት ታላቃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከአንድ ልደት በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ነው። ብዙዎቹ እናቶች የወር አበባቸው እስኪመለስ መጠበቅ በቂ ይመስላቸዋል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው፤ እንቁላል ከወር አበባው በፊት ስለሚወጣ አንዲት ሴት የወር አበባዋን ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ፈጽሞ የማታጠባ እናት ከወለደች ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እንቁላል ሊወጣላት ስለሚችል፣ አርባው ቀን ሲጠናቀቅ አደጋው ቀድሞ ደርሷል።

እምነቱን ወደ ዘዴ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1988 በጣልያን አገር በቤላጅዮ የተሰበሰበው የሊቃውንት ጉባኤ ነው። ሕፃኑ ያለ ተጨማሪ ምግብና መጠጥ ወይም ከሞላ ጎደል በጡት ብቻ የሚያድግ ከሆነ፣ የእናቲቱ የወር አበባ ካልተመለሰና ልጁ 6 ወር ካልሞላው፣ ጡት ማጥባት ከመቶ 98 በላይ ይከላከላል። ሦስቱ ሁኔታዎች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲጎድል ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ሳያጠቡ መቆየትም አይመከርም። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት የሚታየው ደም እንደ ወር አበባ አይቆጠርም።

ሌላው ዘዴ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ በአብዛኛው በችኮላ የሚታለፍ ነው። ለምታጠባ እናት ኮንዶም ምንም ጉዳት የለውም። ሉፕ በወሊድ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያም ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ወተት አይቀንስም። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ክኒንም እንዲሁ ነው። ባለ ሦስት ወሩ መርፌ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ኤስትሮጅን ያለበት ጣምራ ክኒን ግን ወተትን ሊቀንስ ስለሚችል ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ለምታጠባ እናት አይመረጥም። «ክኒን ወተት ያደርቃል» የሚለው የመንደር ወሬ የተነሣው ከዚህ ከመጨረሻው ይመስላል፤ ፍርሃቱ ግን ወደ ሁሉም ዘዴዎች ተዛምቶ ብዙ እናቶችን አርቋል።

ከሦስቱ ሁኔታዎች የመጀመሪያው የመጠበቁን ያህል የሚያስቸግር የለም። በ2008 ዓ/ም ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 58ቱ በጡት ብቻ ያድጉ ነበር፤ 4ኛና 5ኛ ወራቸው ላይ ካሉት ግን ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። አብዛኛዎቹ እናቶች ደመወዝተኛ ስላልሆኑ የዚህ ምክንያት የሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ለሠራተኛይቱ ግን ሕጉ ራሱ ሒሳቡን ያሳያል። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ሰጠ፤ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይህንኑ አጸና፤ የኋለኛውን ወደ 90 ቀን ያደረሰው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ስለሆነም የተፈጥሮው መከላከያ ከሚጠይቀው 180 ቀን ግማሹ አሁንም በእናቲቱ ብቻ የሚሞላ ነው። ወተትን አልቦ ማቆየት ለሕፃኑ መልካም ቢሆንም የመጥባትን ያህል አይከላከልም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በቺሌ ሠራተኛ እናቶች ላይ የታተመ ጥናት በ6 ወር ውስጥ ከመቶ 5.2 እርግዝና መዝግቧል።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በየመሥሪያ ቤቱ እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የአንዲት መምህርት የቀን ሥራ ከ4 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ከቤቷ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሲጨመር ግን ገደቡ ያልፋል። ከመምህራን ማረፊያ አጠገብ አንድ ክፍልና በዕረፍት ሰዓት ልጁን የሚያመጣ ሰው ከተገኘ ያ ትርፍ ሰዓት ይቀራል፤ ካልተገኘ ደግሞ መምህርቷ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት፣ በ3ኛው ወር ማለቂያ፣ ሌላ ዘዴ መጀመር አለባት።