ንሥሮች የተባሉት ዘፋኞች ወደ ቀድሞ ዜማቸው ስለ መመለሳቸው

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለው የአባቶች ምሳሌ በብዙ ነገር እውነት ነው። ዳሩ ግን ተጣልተው የተለያዩ ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ተገናኝተው የቀድሞ ሥራቸውን ሲያድሱ ታይተዋልና፥ ከፈሰሰው ምን ያህሉ እንደሚታፈስ ለመመርመር በአሜሪካ አገር የተነሣውን የኢግልስን፥ ማለት የንሥሮችን፥ የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጓድ በ1971 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹም ግሌን ፍሬይ፥ ዶን ሄንሊ፥ በርኒ ሌደንና ራንዲ ማይስነር ነበሩ። ሮክ የሚባለውን ኀይለኛ ዘፈን ከአሜሪካ የገጠር ዜማ ጋር አዋሕደው አለዘቡት። ከሁሉ ይልቅ የተወደደላቸው ግን የድምፃቸው ስምምነት ነበረ፤ ይኸውም አንዱ ሲመራ ሌሎቹ ከፍና ዝቅ ባለ ድምፅ ሲከተሉት የብዙው ድምፅ እንደ አንድ ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ያለው አዘፋፈን እያንዳንዱ የባልንጀራውን ድምፅ እንዲያዳምጥ፥ የራሱንም እንዲመጥን ያስገድዳል።

ዝናቸው ሲበዛ ግን ፍቅራቸው አነሰ። የጊታሩ ድምፅ እንዲበረታ በ1974 ዓ.ም. ዶን ፌልደር ገባ፤ ሌደንም ሲወጣ በስፍራው ጆ ዋልሽ ተተካ፤ ማይስነርም በ1977 ዓ.ም. ወጥቶ ቲሞቲ ሽሚት ገባ። በ1980 ዓ.ም. በሎንግ ቢች ከተማ በሕዝብ ፊት ሲዘፍኑ፥ ፍሬይና ፌልደር በዘፈኖቹ መካከል ሲዛዛቱ አመሹ። በዚያው ዓመት የወጣውን ሸክላቸውን ሲያርሙም ፍሬይ በሎስ አንጀለስ፥ ሌሎቹ በማያሚ ሆነው፥ ድምፁ የተቀረጸበት ቴፕ በመልእክት ይመላለስ ነበር። በሸክላው ላይ ድምፃቸው ተስማማ፤ እነርሱ ግን ተለያዩ።

ሄንሊ እንደገና ትገናኛላችሁን ተብሎ ሲጠየቅ፥ ሲኦል ሲቀዘቅዝ ብሎ መልሶ ነበር። ስለዚህ በ1994 ዓ.ም. በተገናኙ ጊዜ ያወጡትን ሸክላ በዚሁ ቃል ሰየሙት። ነገር ግን አዲስ የነበሩት ዘፈኖች አራት ብቻ ነበሩ። ፌልደርም በ2001 ዓ.ም. ከጓዱ ተሰናብቶ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2007 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ።

በዚያው በ2007 ዓ.ም.፥ ከ28 ዓመት በኋላ፥ ከኤድን የሚያወጣ ረጅም መንገድ የሚል ትርጉም ያለውን አልበም በሁለት ክፍል አወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን በገጣሚው በጆን ሆላንደር ግጥም የተሠራ ሲሆን፥ የአራቱ ድምፅ በመሣሪያ ሳይሸፈን ተጋጥሞ ይሰማበታል። ሐው ሎንግ፥ ማለት እስከ መቼ፥ የተባለውም ወዳጃቸው ጄ. ዲ. ሳውዘር በ1972 ዓ.ም. በራሱ ሸክላ ያወጣው፥ እነርሱም በወጣትነታቸው በመድረክ የዘፈኑት ነበረ። ይህ ዘፈን በ2008 ዓ.ም. የግራሚን ሽልማት አገኘላቸው። አልበሙም በመጀመሪያው ሳምንት በአሜሪካ 711,000 ያህል ተሸጠ።

እንግዲህ ከፈሰሰው የታፈሰው ምንድር ነው? የታፈሰው ተደማምጦ መዝፈን ነው። ያልታፈሰው ግን ብዙ ነው፤ ፌልደር አልተመለሰም፥ የባከነውም ዘመን አልተመለሰም። ፍሬይ በ2016 ዓ.ም. በ67 ዓመቱ ሲሞት፥ ከተመለሱ በኋላ በሙሉ አዲስ ሥራ አብረው ያወጡት ያ አልበም ብቻ ነበረ። ስለዚህ ዕርቅ ምንም ቢዘገይ ፍሬ አለው፤ የዘገየበትን ዘመን ግን አይከፍልም።