ሁለት ተመሳሳይ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች፤ በውስን ገንዘብ የትኛው ይመረጣል?

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ ወጥቶ ዝናቡ ሲያቆም በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳርቻ የሚገኙ አርሶ አደሮች ፊታቸውን ወደ በጋ መስኖ ያዞራሉ። ወንዙ ከማሳው በታች የሚፈስበት አርሶ አደር ያለ ሞተር ውኃውን አይቶ ከማለፍ በቀር አማራጭ የለውም። በመሆኑም የዓመት ቁጠባውን፣ የእቁቡን ዕጣ ወይም የበሬ ሽያጩን ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። በሱቁ የሚጠብቁት ግን ቀለማቸው እንጂ መልካቸው የማይለያይ፣ ሁሉም «3 ኢንች» የተባሉ፣ ዋጋቸው ግን የሚራራቅ ሞተሮች ናቸው።

ምርጫው ከተሳሳተ የሚባክነው የሞተሩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ቡቃያው በውኃ እጦት ከደረቀ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የወራት ድካሙ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ገዥው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የማሳውን ስፋት፣ የውኃውን ጥልቀትና የቱቦውን ርዝመት ለክቶ መያዝ ይኖርበታል።

ማሳው ምን ያህል ውኃ ይፈልጋል?

በበጋ ወቅት አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይጠቀማል ተብሎ ቢሰላ፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 50 ሺህ ሊትር ይሆናል። በቦይ በሚጠጣ ማሳ ከሚለቀቀው ውኃ ከፊሉ በመስረግና በትነት ስለሚባክን፣ ከሚሳበው ውስጥ ሥሩ ጋር የሚደርሰው 60 በመቶ ገደማ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በዚህ ስሌት ግማሽ ሄክታር ማሳን በየአምስት ቀኑ ለማጠጣት በእያንዳንዱ ዙር 208 ሺህ ሊትር ገደማ ውኃ መሳብ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ባለ 2 ኢንች ሞተሮች በጽሑፋቸው ላይ በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ሊትር፣ ባለ 3 ኢንቾቹ ደግሞ 1 ሺህ ሊትር ገደማ እንደሚስቡ ይገልጻሉ። በሥራ ላይ የሚገኘው የዚህ ግማሽ ነው ብሎ ማቀድ ከኪሳራ ያድናል። በግማሽ ሲሰላ ባለ 2 ኢንቹ ከላይ የተጠቀሰውን ግማሽ ሄክታር ለማጠጣት 13 ሰዓት ሲፈጅበት፣ ባለ 3 ኢንቹ በ7 ሰዓት ይጨርሳል። ማሳው ሩብ ሄክታር ከሆነ ግን ባለ 2 ኢንቹ ከ6 ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ስለሚያጠጣ ለትልቁ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም። ለጓሮ አትክልት የሚገዛ የከተማ ነዋሪም ከዚህ የበለጠ አይፈልግም።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይላል?

በሞተሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ይታያሉ። አንደኛው በደቂቃ የሚስበው ከፍተኛ የውኃ መጠን፣ ሁለተኛው ውኃውን የሚያደርስበት ከፍተኛ ከፍታ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። ከፍተኛው የውኃ መጠን የሚገኘው ውኃው ምንም ከፍታ ሳይወጣ ሲፈስ ሲሆን፣ በከፍተኛው ከፍታ ላይ ደግሞ ከቱቦው ጫፍ የሚወጣ ውኃ የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ውኃው ከሞተሩ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝና ማሳው ከሞተሩ 8 ሜትር ከፍ ቢል ድምሩ 12 ሜትር ነው። በደቂቃ 500 ሊትር በ100 ሜትር ባለ 3 ኢንች ቱቦ ሲያልፍ የሚገጥመው ፍትጊያ ሌላ 5 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ በጠቅላላው 17 ሜትር ይደርሳል። ከፍተኛ ከፍታው 18 ሜትር ብቻ የሆነ ሞተር ለዚህ ማሳ አይበቃም፤ 28 ወይም 30 ሜትር የሚል ግን ይሠራል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በባለ 3 ኢንች ሞተር ላይ ባለ 2 ኢንች ቱቦ መግጠምም የሞተሩን ጉልበት በፍትጊያ መጨረስ ነው። የቱቦው ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ደጋና ቆላ አንድ አይደሉም

የፋብሪካው መለኪያ በአብዛኛው የተወሰደው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ሞተር ውኃን የሚመጠው በአየር ግፊት እየተረዳ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ነጥብ 3 ሜትር የሆነው የመምጠጥ ወሰን፣ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ወደ 8 ነጥብ 3 ሜትር፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 7 ነጥብ 3 ሜትር ይወርዳል። በሥራ ላይ ከዚህም ከ2 እስከ 3 ሜትር መቀነስ ይገባል። ስለሆነም «8 ሜትር ይመጣል» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ለ8 ሜትር ጉድጓድ ሞተር የገዛ ሰው ውኃ አያገኝም።

የሞተሩ የፈረስ ጉልበትም በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዋጋቸው ከተቀራረበ የደጋ ገዥ ጉልበቱ ከፍ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?

የቤንዚን ሞተር ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ቀላልና ከማሳ ወደ ማሳ ለመሸከም የሚመች ነው። የናፍጣው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ሥራ የሚፈጀው ነዳጅ አነስተኛ ሲሆን፣ በአግባቡ ከተያዘ ረዘም ያለ ዕድሜ አለው። በዓመት ጥቂት ቀናት ለሚጠቀም ቤንዚኑ፣ ወቅቱን ሙሉ ለሚያጠጣ ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ ለሚገዛ ናፍጣው ያዋጣል። ነዳጅ በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቅበት አካባቢ ስላለ፣ ከግዥው በፊት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማጣራት ተገቢ ነው።

ርካሹ ሞተር ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይቆይም። ሁለት ባለ 3 ኢንች ሞተሮች አሉ እንበል። አንደኛው በሰዓት 1 ነጥብ 6 ሊትር፣ ሌላው 1 ነጥብ 2 ሊትር ይፈጃል። በአንድ ወቅት 20 ዙር፣ በየዙሩ 7 ሰዓት ቢሠሩ 140 ሰዓት ይሆናል፤ ልዩነቱም 56 ሊትር ነው። በሦስት ወቅት 168 ሊትር ይደርሳል። የሁለቱ ሞተሮች የዋጋ ልዩነት ከ168 ሊትር ነዳጅ ዋጋ የሚያንስ ከሆነ ውድ የሚመስለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ከመክፈል በፊት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በሱቁ ደጃፍ የሚጠፋ አንድ ሰዓት የወቅቱን ምርት ያድናል። ገዥው የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ይመከራል።

• የአካባቢው መካኒክ ሞተሩን ያውቀዋል? ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና ውኃ እንዳያፈስ የሚከለክለው ጎማ በቅርብ ከተማ ይገኛሉ? መለዋወጫ የሌለው ሞተር በመጀመሪያው ብልሽት ብረት ሆኖ ይቀራል።

• ሞተሩ ውኃ እየሳበ ይሞከር። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ተቆጥሮ 12 ሺህን ለዚያ ቁጥር ማካፈል በደቂቃ የሚስበውን ሊትር ይሰጣል። በ24 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 500 ሊትር ነው። ያለ ውኃ ማስነሳት ግን ውኃ የሚከለክለውን ጎማ ያቃጥላል።

• በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር በደረሰኙና በዋስትና ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ሞተር ቢበላሽ ገዥው የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

• የመምጠጫ ቱቦው ጠንካራ፣ ጫፉም ወንፊትና ውኃውን የሚይዝ ቫልቭ ያለው ይሁን። አየር የሚያስገባ መጋጠሚያ ካለ ጥሩ ሞተርም ውኃ አያወጣም።

ሕይወትን የሚያስከፍል ስህተት

የውኃው መጠን ሲወርድ ሞተሩን ወደ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ለሞት ይዳርጋል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያስታል። ሊያድነው የወረደው ሁለተኛ ሰውም በዚያው ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ጋዙ ወዲያው አይወጣም። ውኃው ከመምጠጫ ወሰኑ በታች ከሆነ መፍትሔው ሞተር ማውረድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ መጠቀም ነው።

ከግዥ በኋላ

የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት ከ20 ሰዓት ገደማ ሥራ በኋላ፣ ቀጣዩም በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየ50 እስከ 100 ሰዓቱ ይቀየራል። የአየር ማጣሪያው በአቧራማ ማሳ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጸዳል። ክረምት ሲገባ ነዳጁና በፓምፑ ውስጥ የቀረው ውኃ ተደፍተው ሞተሩ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ገንዘቡ ለብቻ የማይበቃ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት አጎራባች አርሶ አደሮች በጋራ መግዛታቸው አቅም ከሌለው ሞተር ያድናቸዋል። ይህ ግን የተራው ቀን፣ የዘይቱና የጥገናው ወጪ ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው።