ባሕር ዛፍና ጉቶው በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቢቈርጡት ከጉቶው ደግሞ ያቈጠቍጣልና። ምንጭ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል የወጣው ትእዛዝም ሳይፈጸም ቀረ።

ይሁን እንጂ ለማገዶ ቈራጭ በረከት የሆነው ጉቶ ለመሬት ደልዳይ ዕዳ ነው። በመስቀል ፍላወርም ሆነ በሌላው ሰፈር ባሕር ዛፍ የነበረበት ተዳፋት ለቤት መሠረት ሲደለደል፥ በአፈር የተሸፈነ ጉቶ ወይ ያቈጠቍጣል፥ ወይ በስብሶ መሬቱን ያሰምጣል። ስለዚህ ዙሪያው በዶማ ተቈፍሮ፥ ሥሩ በመጥረቢያ ተቈርጦ ይነቀላል፤ ጕድጓዱም በአፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። የተነቀለውም ጉቶ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል።