ዘግይቶ ስለሚጫን ጭነት፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጫጫን ታሪክና ፈተናው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደጋው በድንገት ተቈርጦ ምድሩ ወደ ቆላው ይወርዳል። በቀድሞው ዘመን ከባሕር ወደ አንኮበር የመጣ ነጋዴ ይህን ዳገት መውጣት ነበረበት። በ1841 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከታጁራ ጀምሮ በግመል የመጣው ዕቃ ፋሬ ከሚባለው ስፍራ ላይ ወረደ። ግመል ዳገቱን አይወጣምና ጭነቱ ከዚያ በኋላ በሰው ትከሻ ወደ አንኮበር ወጣ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል አንጎለላ ላይ ተፈረመ።

ውድ አንባቢያን ሆይ! ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ያለበት መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ጭነቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዞ መውጣት ነው። ሁለተኛው ግን ከግርጌው ትቶት ወጥቶ፣ ባለጉዳይ ሲጠይቅ ብቻ የተፈለገውን ዕቃ ማስመጣት ነው። የመጀመሪያው ድካም አለው፤ ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተላከው ሰው ዕቃውን ባያገኘውስ? የኮምፒዩተር ሊቃውንት ከስድሳ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም፤ ሞጁል ከሚባሉ ብዙ ክፍሎች የተሠራ ነው። አንዱ ሞጁል ሒሳብ ይሠራል፤ ሌላው ሥዕል ይሥላል፤ ሌላው መዝገብ ይከፍታል። ፕሮግራሙ ሲነሣ እነዚህን ሁሉ ወደ ማስታወሻው ከጫነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል። ስለዚህ «ሲፈለግ ብቻ ይጫን» የሚል ሐሳብ መጣ። ፈረንጆች ይህን አጫጫን «ሰነፍ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ግን ሰነፍ የሚለው ቃል ስድብ ስለሚሆን፣ እኛ «ዘግይቶ መጫን» ብለነዋል።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ ሩቅ ነው። በ1962 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር ተመረቀ። በቶም ኪልበርን መሪነት የሠሩት ሰዎች ያጋጠማቸው ችግር ፈጣኑ ማስታወሻ ትንሽ፣ ትልቁ ማስታወሻ ደግሞ ዝግተኛ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙን እያንዳንዳቸው 512 ቃል በሚይዙ ገጾች ከፋፍለው፣ አንድ ገጽ በተፈለገ ጊዜ ብቻ ወደ ፈጣኑ ማስታወሻ እንዲመጣ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክና በቤል ላቦራቶሪ ትብብር መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ተሠራ። በመልቲክስ አንዱ የፕሮግራም ክፍል ከሌላው ጋር የሚያያዘው አስቀድሞ ሳይሆን፣ በሥራው መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራው ቅጽበት ነበር። በ1995 ለሕዝብ የቀረበው ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ክፍሎቹን ሲፈለጉ የመጫን ልማድ ይዞ መጣ።

አሁን በትምህርት ቤታችን ወደምንማረው ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን፣ እንመለስ። ፓይተንን በ1991 ያወጣው ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። በፓይተን አንድ ሞጁል ሲጠራ በውስጡ ያለው ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች ይፈጸማል፤ ስሙም በመዝገብ ይጻፋል፤ ሁለተኛ ሲጠራ ከመዝገቡ ይወሰዳል እንጂ እንደገና አይጫንም። ይህ ልማድ ግልጽ ቢሆንም ትልልቅ ፕሮግራሞችን ሲነሡ ያዘገያል።

እኛም የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህ ነገር ደርሶብናል። ለወላጆች ቀን ብለን የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ ቀን የሚለውጥና የበዓላትን ቀን በሥዕል የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ኮምፒዩተሮቹ አሮጌ ስለሆኑ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ ሰው ይሰለቻል። ምክንያቱን ብንመረምር የሥዕሉ ሞጁል ከባድ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ሥዕል የሚፈልግ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንዳይጫን አደረግነው። ፕሮግራሙ ወዲያው ይከፈት ጀመር፤ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም።

በበዓሉ ቀን ብዙ እንግዶች የልደታቸውን ቀን እየለወጡ ሲደሰቱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ አባት፦ «ልጆቼ፣ እስቲ ሥዕሉንም አሳዩኝ» አሉን። በነካነው ጊዜ ፕሮግራሙ ቆመ። ለካስ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሥዕሉን ሞጁል ጨርሶ አላስቀመጥነውም ነበር! እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ጕድለቱ ጧት ኮምፒዩተሩን ስንከፍት፣ እንግዳ ሳይመጣ ይገለጥ ነበር። ዘግይቶ መጫን ስሕተቱን አላጠፋውም፤ የሚገለጥበትን ሰዓት ብቻ ወደ ክፉ ሰዓት አዛወረው። እኒያ አባት ግን አልተቈጡንም፤ «የላካችሁትን ሰው መንገዱን ያውቅ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት» ብለው መክረውን ሄዱ።

ይህን ምክር ይዘን ፈተና ማዘጋጀት ጀመርን። አንድ ነገር መሆኑን መፈተን ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ገና አለመሆኑን መፈተን ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ የፓይተንን መዝገብ ተመልክተን የሥዕሉ ሞጁል ስም እንዳልተጻፈ ለማረጋገጥ ሞከርን። ፈተናው «ተጭኗል» ብሎ መለሰልን፤ ፕሮግራሙ ግን ትክክል ነበር። ብዙ ከደከምን በኋላ ምክንያቱ ተገለጠልን፤ ከእርሱ በፊት የሮጠው ሌላ ፈተና ሞጁሉን ጠርቶት ስለ ነበር ስሙ በመዝገቡ ቀርቷል። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ፈተና በአዲስ በተከፈተ ፓይተን ብቻውን እንዲሮጥ ወሰንን።

በዚህ ዓይነት ሦስት ፈተና አደረግን። አንደኛው ሞጁሉ ካልተጠራ በመዝገቡ እንደማይገኝ ነው። ሁለተኛው በተጠራ ጊዜ መጥቶ ሥራውን በትክክል እንደሚሠራ ነው። ሦስተኛው ሞጁሉን ሆን ብለን ሸሽገን፣ ፕሮግራሙ ጕድለቱን በግልጽ ተናግሮ ሌላውን ሥራ እንደሚቀጥል ነው። ከዚህም በላይ፣ በ2018 የወጣው የፓይተን 3.7 እትም እያንዳንዱ ሞጁል ለመጫን የፈጀውን ጊዜ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ የትኛው ጭነት እንደሚከብድ በግምት ሳይሆን በልክ ዐወቅን።

የእኛ ችግር የትልልቆቹም ችግር ሆኖ ስናገኘው ተጽናናን። በ2022 ካርል ማየርና ኸርማን ሜንዴዝ ብራቮ የተባሉ መሐንዲሶች በአንድ ምርጫ ብቻ የፕሮግራሙ ሞጁሎች ሁሉ ዘግይተው የሚጫኑበትን ሥርዓት፣ በቍጥር 690 በተመዘገበው ሐሳብ አቀረቡ። የፓይተን መሪ ጉባኤ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አልተቀበለውም። ፍርሃቱም ተጠቃሚዎች በሁለት ልማድ ይከፈላሉ፣ የእያንዳንዱ ሞጁል ሠሪም ሥራውን በሁለቱም መንገድ ለመፈተን ይገደዳል የሚል ነበር። በ2025 በቍጥር 810 ሌላ ሐሳብ ቀረበ፤ ይኸውም ጸሐፊው ዘግይቶ እንዲጫን የፈለገውን ሞጁል ራሱ በየመስመሩ በግልጽ ቃል ያመልክት የሚል ነው። ሞጁሉ ከታጣም ፓይተን ሁለቱን ስፍራ፣ ቃሉ የተሰጠበትንና ዕቃው የተፈለገበትን፣ አብሮ ያሳያል። ይህ ሐሳብ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለ3.15 እትም ተቀባይነት አገኘ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ይህም ማለት ሁሉን ዛሬ ተሸከሙ ማለት አይደለም፤ ከፋሬ ሁሉን በትከሻ ማውጣት ለሁልጊዜ አይሆንም። ነገር ግን ለነገ ያቈየነው ነገር ነገ በእርግጥ የሚገኝ መሆኑን ዛሬ እንመርምር። ከእኛ በኋላ ወደዚህ ክፍል የምትመጡ ታናናሾቻችን ፕሮግራሙን በክፍሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ሦስቱም ፈተናዎች ከእርሱ ጋር አሉ። በሚመጣው የወላጆች ቀን በር ከመክፈታችሁ በፊት አስሮጧቸው፤ እኒያም አባት ከመጡ ሥዕሉን አሳዩልን።